ሠላሳ ስድስቱ ቀዳዳዎች፤ የመምህር ወንዳወቅ ክንፈሚካኤል የሕይወት ታሪክ

መምህር ወንዳወቅ ክንፈሚካኤል፣ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሚካኤል፣ ከአባታቸው ከአቶ ክንፈሚካኤል አድማሱ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሰብሊ ታከለ፣ ሰኔ 12 ቀን 1947 ዓ.ም. በቋሪት ወረዳ፣ ከገበዝ ማርያም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ገጠር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ከእርሳቸው በኋላ ከተወለዱት አራት ልጆች ዛሬ በሕይወት ያለችው ታናሽ እኅታቸው ንግሥቴ ብቻ ናት።

ይህን ታሪክ በእጇ የጻፈችው ልጃቸው ሜላት ናት። ያስጻፈችው ግን ንግሥቴ ናት። ከትናንት ምሽት ጀምራ ከሜላት አጠገብ ተቀምጣ፣ የተጻፈውን ሁሉ መልሰሽ አንብቢልኝ እያለች፣ ያላለችው እንዳይገባ ያለችውም እንዳይቀር ስትጠብቅ አደረች። ስለ ራሷ ሲጻፍም በአንቱታ እንዳይሆን አዝዛለች። አንቱ የሚያሰኝ ሥራ አልሠራሁም ትላለች። ለምን እንዲህ እንዳለች ታሪኩ ራሱ ይናገራል።

መምህር ወንዳወቅ ንባብና ዳዊት በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ተምረው፣ በ1955 ዓ.ም. ገበዝ ማርያም ትምህርት ቤት ገቡ። በ1958 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን፣ የሰባት ዓመቷ ንግሥቴ ከማሳው ዳር የተቀመጠ ማጭድ አንሥታ የቀኝ አውራ ጣቷን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀችው። አዋቂዎቹ ከማሳው ማዶ ነበሩ። ወንድሟ የለበሱትን ነጠላ ጫፍ ቀድደው ጣቷን ጠቅልለው አሰሩና፣ ደሙ እስኪቆም ድረስ እጇን ወደ ላይ ይዘው ቆሙ። ቁስሉ ሲድን በጣቷ ሥጋ ላይ ቀጥ ያለ ጠባሳ ቀረ። ኋላ የሒሳብ መምህር ሲሆኑ፣ ቀጥ ያለ መስመር መጀመሪያ ያየሁት በንግሥቴ ጣት ላይ ነው እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷ ደግሞ ማጭዱን እዚያ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ትመረምራለች። የምትጠረጥራቸው ሁለቱም ሰዎች ሞተዋል፤ ንግሥቴ ግን አልተወቻቸውም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በፍኖተ ሰላም፣ ቤት ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ከገጠር የሚላክላቸውን ስንቅ እየበሉ አጠናቀቁ። ከዚያም የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው፣ በ1968 ዓ.ም. በቡሬ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆነው ተመደቡ። በቡሬ አሥራ አምስት ዓመት፣ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በፍኖተ ሰላም ሃያ አራት ዓመት አስተማሩ።

በእነዚህ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት ለአንድም ተማሪ ሙሉ ነጥብ ሰጥተው አያውቁም። ዛሬ በዚህ ልቅሶ ላይ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ምስክር ናችሁ። ሁሉን የመለሰ ተማሪ እንኳ ግማሽ ነጥብ ይቀነስበታል፤ አንዱ የዲግሪ ምልክቷን ዘንግቶ፣ ሌላው ሥዕሉን በእርሳስ መሥራት ሲገባው በእስክሪብቶ ሠርቶ። የገዛ ልጃቸው ጌታሁን በእርሳቸው ክፍል ተቀምጦ ከሃያ አሥራ ዘጠኝ ተኩል አገኘና ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። ግማሿ የተቀነሰችበት ስሙ ከመስመሩ ወርዶ ስለ ተጻፈ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ጥር ወር ከወ/ሮ ያምሮት በላይ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው፣ ጌታሁንን እና ሜላትን ወለዱ። ወ/ሮ ያምሮት በ2005 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። መምህር ወንዳወቅ ሌላ ትዳር አልመሠረቱም፤ ስለ ሌላ ትዳርም ክፉም ደግም ተናግረው አያውቁም። ይህ ዝምታቸው ከጊዜ በኋላ ለንግሥቴ ብዙ አሳብ ሆነባት።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በማግሥቱ ዓመት ንግሥቴ ባሏን ቀብራ ከቋሪት ወደ ወንድሟ ቤት መጣች። ልጅ አልነበራትም። የባሏ ወንድሞች አርባው እንኳ ሳይወጣ መሬቱንም ቤቱንም ይዘውባት፣ የያዘችው አንድ ቁርበትና የለበሰችው ልብስ ብቻ ነበር። ወንድሟ ምንም ሳይጠይቁ ወደ መንገዱ የሚያየውን ክፍል ሰጧት። ቁልፉን በእጇ ሲያስይዟት፣ ሌላው ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ጠየቀቻቸው። ሌላ ቁልፍ የለም አሏት። ለማንኛውም ብላ ከውስጥ መቀርቀሪያ አስመታች።

ንግሥቴ አንድ ጊዜ ከቤት ወጥታ ታውቃለችና ሁለተኛ እንዳትወጣ ትፈራ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ፍርሃት የመጣ ነው። እሷ ግን ፍርሃት ነው ብላችሁ አታሳምሩልኝ፣ ጥርጣሬ ነው በሉ ብላለች።

በ2011 ዓ.ም. መምህር ወንዳወቅ ከጓሮ የነበረውን የጥጃ ቤት አጽድተው የእንጨት ሥራ ቤት አደረጉት። መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ አንድ እንጨት መያዣ ሞርሳና ከትምህርት ቤት ዘመናቸው የተረፈች ትልቅ የእንጨት ማዕዘን መለኪያ ፕሮትራክተር ነበራቸው። እዚያ ውስጥ ወንበርም ጠረጴዛም አልሠሩም። የሠሩት አበባ የሚተከልበት ሣጥን ነው። ሣጥኑም እንደ ሌላ ሣጥን አራት ማዕዘን አይደለም። አንዱ ስድስት ጎን፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ ስምንት ጎን ነው። ለባለ ስድስት ጎኑ ስድስት የዋንዛ ሳንቃ ይላግና፣ የእያንዳንዱ ጠርዝ በሠላሳ ዲግሪ ይቆረጥና፣ ያለ ሚስማር በኮላ ብቻ ይጋጠማል። ከዚያ ወገቡ በገመድ ተጠፍሮ ሁለት ቀን ይቆያል። ገመዱ ሲፈታ በመጋጠሚያው መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ፣ ፈርሶ እንደ ገና ይሠራል።

ሰፈሩ ይህን ዝም ብሎ አላየውም። በፍኖተ ሰላም አበባ የሚተከለው በዘይት ቆርቆሮ ወይም በተቀደደ ሳፋ ነው። ዋንዛን የመሰለ እንጨት አፈር ሊሞሉበት ሳምንት የሚደክሙ ሰው ሌላ የያዙት ነገር መኖር አለበት ተባለ። የእድሩ ዳኛ አቶ ባምላኩ፣ መምህሩ እድሩ ሳያውቅ የሬሳ ሣጥን ንግድ ጀመሩ የሚል ወሬ ሰምተው፣ የበር እጀታ ላሠራ በሚል ሰበብ መጡ። አንዱን ሣጥን በስንዝራቸው ለክተው፣ ገልብጠው፣ መልሰው አስቀመጡት። ለሰፈሩ ያመጡት ቃል፣ "ለሬሳ ያጥራል፤ እህል እንዳይባል ታቹ ተበስቷል፤ እንግዲህ ሥራቸውን እርሳቸው ያውቃሉ" የሚል ነበር። አቶ ባምላኩ ይህ እንዲጻፍ ፈቅደዋል።

ንግሥቴን የያዛትም ያው ቀዳዳ ነው። ወንድሟ ሣጥኑን አሳምረው ሠርተው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ ቫርኒሽ ቀብተው ሲያበቁ፣ ገልብጠው ታቹን ሦስት ቦታ ሲበሱት በመስኮት አየች። ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። "ውሃው እንዲወርድ ነው፤ ካልወረደ ሥሩ ይበሰብሳል" አሏት።

ንግሥቴ ገበሬ ናት። ውሃ የተኛበት ማሳ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ብታስበው ኖሮ ወዲያው ይገባት ነበር። ያን ዕለት ግን ያሰበችው ስለ ውሃ አልነበረም። በቋሪት ቅል ቢያፈስ በሰም ይደፈናል እንጂ፣ ደህናውን ዕቃ ሆነ ብሎ የሚበሳ ሰው አይታ አታውቅም። ወንድሟ የሰጧት መልስም አጭር ሆነባት። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ሰፋ አድርጎ ያስረዳል ብላ አሰበች።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ መምህር ወንዳወቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ መሄድ ጀመሩ። ይታጠባሉ፣ ካፖርታቸውን ይለብሳሉ፣ በሚኒባስ ይሄዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ፈታ ይላል። ንግሥቴ ጫማቸው ላይ ያለውን አፈር አየች፤ ቀይ ነው፤ የመንገድ አፈር አይመስልም። በስልክ ሲያወሩ ሳቢሃ የሚል ስም ሰማች። የሰፈር ሰው ጠይቃ ጠያይቃ፣ ሳቢሃ ማለት ቡሬ መውጫ ላይ ችግኝ የምትሸጥ፣ ባሏ አቶ ሙሄዲን የሞቱባት ነጋዴ እንደሆነች አወቀች።

ነገሩ የሚከተለው ነበር፤ መምህር ወንዳወቅም ደጋግመው ነግረዋታል። ወ/ሮ ሳቢሃ በቡሬ ያስተማሯቸው ተማሪያቸው ናቸው። ሁለቱ ሆነው ለቀድሞው ትምህርት ቤታቸው ግቢ የአበባ ቦታ ሊሠሩ ተስማምተዋል። መምህሩ አሥራ ሁለት ባለ ስድስት ጎን ሣጥን ይሠራሉ፤ ወ/ሮ ሳቢሃ ችግኙን ሰጥተው ይንከባከባሉ። አሥራ ሁለቱ ሣጥኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ከሌላው ጋር ይገጥማል፤ በመካከል ክፍት ቦታ አይቀርም። ተማሪዎቹ ንብ ለቀፎዋ ስድስት ጎንን ለምን እንደ መረጠች ቆመው በዓይናቸው ያያሉ። መምህር ወንዳወቅ ይህን የመጨረሻ ትምህርቴ ነው ይሉት ነበር።

ንግሥቴ ትምህርት ቤት የሚለውን አላመነችም። ሽፋን ነው አለች። በእሷ አሳብ ወንድሟ ሊያገቡ ነው፤ ሲያገቡ ቤቱ የሌላ ሴት ይሆናል፤ እሷም ቁርበቷን ይዛ እንደ ገና ትወጣለች። ማዕተባቸውንም ይበጥሳሉ ብላ ሰጋች። ጉዳዩን ለቤተሰቡ የንስሐ አባት ነገረች። ቄሱ ሁሉንም ሰምተው፣ "ወንድምሽን ጠይቀሽዋል?" አሏት። ሊያገቡ እንደሆነ አልጠየቀችም። ብጠይቀው እውነቱን አይነግረኝም አለች። "እንግዲያው የምታውቂው ነገር የለም፤ ሂጂና ጠይቂው" አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቄሱንም መጠርጠር ጀመረች።

በሰኔ 2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለቱ ሣጥኖች አለቁ። በአይሱዙ ተጭነው ቡሬ ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀር፣ መምህር ወንዳወቅ ከሰዓት በኋላ ለማኅበር ወጡ። ንግሥቴ ከቤተ ክርስቲያን ያጠራቀመችውን የጧፍ ቁራጭ በፀሐይ አለስልሳ ወደ ሥራ ቤቱ ገባች። ቡሬ ያለችው ሴት ወንድሜን በአንድ ነገር አስራዋለች፤ የቤታችንም በረከት በእነዚህ ቀዳዳዎች ወደ እሷ ይፈስሳል ብላ ደምድማ ነበር። አሥራ ሁለቱንም ሣጥኖች አንድ በአንድ እየገለበጠች፣ ሦስት ሦስቱን ቀዳዳ በሰም ሞልታ፣ በቀኝ አውራ ጣቷ እየተጫነች ደፈነች። ሠላሳ ስድስት ቀዳዳ ነው። እንዳይታወቅ ላዩን ሰጋቱራ ነሰነሰችበት። ሣጥኖቹ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ስለ ተደረደሩና ስለ ተጫኑ፣ ታቻቸውን ያየ ሰው የለም።

ሜላት እዚህ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር። ንግሥቴ አንሥታ መልሳ በእጇ አስያዘቻት።

ክረምቱ ገባ። ሌላ አናጢ የሠራው ሣጥን ቢሆን ኖሮ ውሃው በመጋጠሚያው ይሾልክ ነበር። የመምህር ወንዳወቅ መጋጠሚያ ግን ጠብታ አያሳልፍም። በነሐሴ ችግኞቹ ቢጫ ሆኑ፤ በመስከረም አንድ ሳይቀር በሰበሱ። ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቹ ያገኙት አሥራ ሁለት ሣጥን ሙሉ የሚሸት ጭቃ ነው። መምህር ወንዳወቅ እቤት አስቀርተውት የነበረውን አንድ ሣጥን ውሃ ሞልተው ሞከሩት፤ ደህና አድርጎ አወረደ። ስለዚህ ጥፋቱ ከሣጥኑ አይደለም አሉ። በጥቅምት ለወ/ሮ ሳቢሃ ደውለው፣ "ውሃ አብዝተሽባቸው ነው" አሏቸው። ወ/ሮ ሳቢሃም፣ "መምህር፣ በክረምት ማን ውሃ ያጠጣል? ቫርኒሹን ይመርምሩት፤ እኔ ችግኝ ገድዬ አላውቅም" ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ አልተደዋወሉም። ሁለት የተከበሩ ሰዎች አንዱ ሌላውን እየጠረጠረ ከዓመት በላይ ተቀያየሙ።

ንግሥቴ በመጀመሪያው ወር ደስ ብሏት እንደ ነበር እንዲጻፍ ብላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሟ እቤት ዋሉላት። ነገር ግን መጋዝ አላነሡም። ከሥራ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው የሣጥኑን ሥዕል በወረቀት ላይ ይሠራሉ፣ ማዕዘኑን ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ወረቀቱን ያጥፉና ኪሳቸው ይከቱታል። ምግብ ቀነሱ። አንድ ቀን፣ "ንግሥቴ፣ እኔ ሰውን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ተሳስተሃል ስል ኖሬ የራሴን ስሕተት ማግኘት አቃተኝ" አሏት።

በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቷ ተናዘዘች። ቄሱ ብዙ አልተቆጧትም። "ለወንድምሽ በአፍሽ ንገሪው። እስክትነግሪው ድረስ ከሥጋ ወደሙ ተከልከይ" አሏት። እሺ ብላ ወጣች፤ አልነገረችም። ዛሬ እነግረዋለሁ ስትል፣ ከቤቴ ውጪ ቢሉኝስ የሚለው ያው የድሮ ፍርሃት ይመልሳታል። ሌሎች እኩዮቿ ሲቆርቡ እሷ ከቅድስት ደጃፍ ቆማ መመለስ ጀመረች። ሰፈሩ ይህንንም አየና፣ ንግሥቴ ምን ሠርታ ይሆን እያለ በተራው ጠረጠራት።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም.፣ መንገዱ አንድ ሳምንት ሲከፈት አንድ ሳምንት ሲዘጋ በነበረበት ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ ሣጥኖቹ ግቢውን ስለ ያዙ ይነሡ የሚል መልእክት ላከ። መምህር ወንዳወቅ መንገዱ በተከፈተ ዕለት ቡሬ ሄዱ። ንግሥቴ ሣጥኖቹን ይዘው ይመጣሉ ብላ ስትጠብቅ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ፊታቸው ግን እንደ ዱሮው ፈታ ብሎ ነበር። ካፖርታቸውን አውልቀው እንዳትሰቅልላቸውም ከለከሏት፤ ራሳቸው ሰቀሉት። በማግሥቱ መላጊያቸውን ሳሉ። በሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ቡሬ ሄዱ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሠሩት ሣጥን ሁሉ፣ ቀዳዳውን ከታች ትተው ከጎን፣ ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ አድርገው ይበሱ ጀመር። ንግሥቴ አይታ ለምን እንደ ቀየሩ ጠየቀች። "ከታች ያለው ይደፈናል" አሏት፤ ቀና ብለው ሳያዩአት።

ንግሥቴ የዚያን ቃል ትርጉም ስታጣራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። አውቀዋል ወይስ አላወቁም? አፈር ይደፍነዋል ማለታቸው ነው ወይስ እሷን ማለታቸው? እንጀራ ስታቀርብላቸው እጃቸውን ታያለች፤ ሲያመሰግኗት ድምፃቸውን ታዳምጣለች። አንድ ቀን ሆን ብላ ጧፍ ፊታቸው አስቀመጠች። ጧፉን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ሽሮውን ሳቡት። በሕይወቷ ብዙ ሰው ጠርጥራለች፤ እንደዚያ ሰው ግን ፊቱ ምንም የማይነግራት አላጋጠማትም።

ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ መምህር ወንዳወቅ በልብ ሕመም ሲታመሙ ቆዩ። እግራቸው እያበጠ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ፣ በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ መስከረም ላይ አልጋ ያዙ። ያስታመመቻቸው ንግሥቴ ናት። በጥቅምት መጀመሪያ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከአልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብላ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ስለ እነዚያ ሣጥኖች አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር" አለች። ዓይናቸውን ገልጠው አዩአትና፣ "ሣጥኖቹ ደህና ናቸው። አብበዋል። ይልቅ ውሃ ስጪኝ" አሉ። ውሃውን ሰጠቻቸው። የቀረውን ቃል ግን ዋጠችው። ሌላ ቀን አልተገኘም።

መምህር ወንዳወቅ ክንፈሚካኤል ዓርብ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ በቤታቸው ዐረፉ።

ትናንት ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታቸው አናጢው አቶ ደረሰና ልጃቸው ጌታሁን፣ ሟቹ በአስቀመጡት የዋንዛ ሳንቃ የሬሳ ሣጥናቸውን ሊሠሩ ወደ ሥራ ቤቱ ገቡ። ሚስማር ፍለጋ መሳቢያውን ሲከፍቱ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አገኙ። ውስጡ ሚስማር አልነበረም። አፈሩ ታጥቦ የጸዳ የሰም ድብልብል ነው። በእያንዳንዱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ በእያንዳንዱም አሻራ መካከል ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር። ጌታሁን አክስቱን ጠራት። ንግሥቴ አንዱን አንሥታ በጣቷ ላይ ብታስቀምጠው ገጠመ።

ቀትር ላይ ወ/ሮ ሳቢሃ ከቡሬ ለቅሶ ደረሱ። ንግሥቴ የምትሸሸውን ሰው ያን ዕለት በእጇ ይዛ ወደ ጓሮ ወስዳ ቆርቆሮውን አሳየቻቸው። ወ/ሮ ሳቢሃ አወቁት። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መምህሩ አንዱን ሣጥን ሲገለብጡ አብረዋቸው ነበሩ። መምህሩ የመጀመሪያውን ሰም ነቅለው፣ ወደ መነጽራቸው አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አሥራ ሁለቱንም ገልብጠው፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። ይቅርታም ጠየቋቸው። ወ/ሮ ሳቢሃ ማን ደፍኖት ነው ብለው ሲጠይቁ፣ "ንቦች ናቸው መሰለኝ፤ ስድስት ጎን ሲያዩ ቀፎ መስሏቸው ይሆናል" አሏቸው። "ንብ አውራ ጣት እንደሌላት እኔም አውቃለሁ እቴ" አሉ ወ/ሮ ሳቢሃ ለንግሥቴ። "ግን መምህር ንብ ነው ካሉ ንብ ነው ብዬ ተውሁት።" ዛሬ አሥራ ሁለቱም ሣጥኖች በዚያ ግቢ ጎን ለጎን ገጥመው፣ ጽጌረዳና አደስ ሞልቶባቸዋል።

ሰሙ ከቆርቆሮው ሲገለበጥ ከሥሩ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ወጣች። በመምህር ወንዳወቅ እጅ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ የተማሪ ፈተና በሚያርሙበት አጻጻፍ እንዲህ ይላል፦ "ንግሥቴ ክንፈሚካኤል። 36/36። አንድም አልሳተችም።" ከሥሩ እንደ ሁልጊዜው ፈርመውበታል። ጌታሁን ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ ስቆ፣ ከዚያ አለቀሰ። አባቱ በዕድሜያቸው የሰጡት ሙሉ ነጥብ ይህ ብቻ ነው።

ንግሥቴ ወረቀቱን ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። ያውቁ ነበር፣ ይቅር ብለውኛል፣ እንግዲህ ቀኖናዬ አበቃ ወይ ብላ ጠየቀች። ቄሱ ወረቀቱን አንብበው መለሱላት። "እርሱ ማወቁ የእርሱ ነው። አንቺ በአፍሽ ንገሪው ተብለሻል፤ ነገሩ ከሕይወት ታሪኩ ጋር ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነበብ፣ መጨረሻውን ራስሽ ትዪዋለሽ" አሏት። ይህ ታሪክ እንዲህ ሆኖ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሰሙንም ትናንት ከሰዓት በኋላ አቅልጣ፣ በጥጥ ፈትል ጠቅልላ ጧፍ አድርጋዋለች። አሁን በራስጌያቸው የሚበራው እርሱ ነው።

መምህር ወንዳወቅ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ አባት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ጌታሁንና ሜላት፣ እኅታቸው ንግሥቴ፣ ተማሪዎቻቸው ሁሉና የቡሬዋ ወ/ሮ ሳቢሃ በኀዘን ቀርተዋል። መንገድ ሳያግዳችሁ ከቋሪት፣ ከቡሬና ከየገጠሩ መጥታችሁ ለአጽናናችሁን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይመልስልን፤ ደስታችሁን ያሳየን።

የሰውን ጥፋት አይታ በዝምታ የሸፈነች ነፍሳቸውን፣ ጌታ የእርሳቸውን ጥፋት ሸፍኖ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። የሚያርፉበት አፈር ውሃ የማይተኛበት፣ አበባ የማይጠወልግበት ይሁንላቸው።

የመጨረሻዋን መስመር ሜላት አታነብም፤ ንግሥቴ ራሷ ትላታለች።

ወንድም ጋሼ፣ የደፈንኋቸው እኔ ነኝ። ይፍቱኝ።